ከስዋኮፕመንድ ለልጄ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የምጽፍልህ ከናሚቢያ የባሕር ዳርቻ ከተማ ከስዋኮፕመንድ ነው። እዚህ የናሚብ በረሃ አሸዋ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ጋር ይገናኛል፤ ከቀዝቃዛው ባሕር የሚነሣው ጉም ጠዋት ጠዋት መንገዱን ይሸፍነዋል። የመሀል አገሩ ሙቀት የሰለቸው ሰው እረፍቱን ለማሳለፍ የሚመጣው ይህንኑ ቅዝቃዜ ሽቶ ነው።

እኔም መጀመሪያ ያየሁት ኦቶ ኤርትል የተባለው መሐንዲስ በባሮክ ዘመን አሠራር አምሳያ ነድፎት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 7 ቀን 1912 የተመረቀውን የጀርመን ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ነበር። በእውነት ያማረ ሕንፃ ነው። አንተ ያደግህባት መካነ ኢየሱስም ሉተራዊት በመሆኗ ወደ ዘመድ ቤት የምገባ መስሎኝ የበሩን እጀታ ስይዘው በጉሙ እርጥበት እንደ በረዶ ቀዝቅዞ አገኘሁት።

ይህ ቅዝቃዜ ሰው ገድሏል፣ ልጄ። የአገሩ ተወላጅ ሕዝብ የሆኑት ሄሬሮዎች በ1904 በጀርመን ቅኝ ገዢዎች ላይ ከተነሡና የጀርመን ጦር አዛዥ ጄኔራል ፎን ትሮታ በዚያው ዓመት በኦክቶበር እነርሱን የማጥፋት ትእዛዙን ካወጣ በኋላ፣ ከጥይትና ከውሃ ጥም የተረፉት፣ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ፣ ወደ ማጎሪያ ካምፖች ተጋዙ፤ ስዋኮፕመንድ ወደብ ስለነበረችም ከካምፖቹ አንዱ እዚሁ ተቋቋመ። የጀርመን ወንጌል ማኅበር የሆነው የራይን ሚስዮን መልእክተኛ ሃይንሪሽ ፌደር እስረኞቹ በሽቦ አጥር ውስጥ፣ ከጆንያና ከጣውላ በተሠራ መጠለያ ታጭቀው፣ የባሕሩን ብርድ መቋቋም አቅቷቸው እንደ ቅጠል መርገፋቸውን መዝግቧል። ካምፖቹ በ1908 ተዘጉ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከአራት ዓመት በኋላ ተመረቀ። በዚያ ምረቃ ላይ የቆመው ምእመን ይህን አያውቅም ነበር ብሎ ማሰብ ለእኔ ከባድ ነው።

ጀርመን እልቂቱን በይፋ ዘር ማጥፋት ብላ የተቀበለችው በ2021 ነው፤ ብዙ የሟቾቹ ዘሮች ግን በድርድሩ ወንበር አልተሰጠንም ብለው እስከ ዛሬ ይቃወማሉ፤ እኔም እውነት አላቸው እላለሁ።

ከሰዓት በኋላ ወደ መቃብሩ ሄድኩ። የጀርመኖቹ መቃብር ስም የተቀረጸበት ድንጋይ አለው፤ ከወዲያ ማዶ ያለው ግን ስም የሌለው የአሸዋ ጉብታ ብቻ ነው፣ ተደርድሮ ተደርድሮ አያልቅም። አንዱ ጉብታ ከክንዴ ብዙም አይረዝምም። ጎኑ ተንዶ ነበርና ተንበርክኬ አሸዋውን በመዳፌ መልሼ ደገፍኩት።

አባትህ