ለድሮን ቡድናችን የኮምቦልቻ አባላት፦ ከቅዳሜው ሙከራ በፊት

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ የድሮኑ ዕቃዎች አንዱ የሌላውን ሲግናል ስለሚረብሹበት ነው። ቪዲዮ አስተላላፊውና የመቆጣጠሪያው ሪሲቨር (ትእዛዝ ተቀባይ) ሁለቱም በ2.4 ጊጋኸርዝ ከሠሩ ቻናል መቀየር ብቻ አያድንም፤ ጎን ለጎን ስለሆኑ የቅርቡ ጉልበት ከሩቅ የሚመጣውን ደካማ ሲግናል ይውጠዋል። ቪዲዮውን ወደ 5.8 ጊጋኸርዝ አዛውሩ፤ አንቴናዎቹንም አራርቁ፣ አንዱን ቁም ሌላውን አግድም።

ጂፒኤስ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። የካሜራው ዩኤስቢ 3 ገመድ አጠገቡ ካለፈ ሳተላይት ሊጠፋበት ይችላል። የጂፒኤስ ሞጁሉን በዘንግ 10 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጉ፤ የዩኤስቢ ገመዱን በፌራይት ቀለበት (ረብሻ በሚያፍን ማግኔታዊ ቀለበት) ሦስት ዙር አሳልፉ። ለመከለያ የሚጠቀለል የመዳብ ፎይልም ከግራውንድ (ከዑደቱ የጋራ አሉታዊ መስመር) ካልተያያዘ ከጌጥ ብዙም አያልፍም።

ኤርፖርቱ ቅርብ ስለሆነ ሙከራው መሬት ላይ ነው፦ ፕሮፔለር ፍቱ፣ ገላጣ ቦታ ላይ ጂፒኤሱ ስንት ሳተላይት እንዳገኘ ጻፉ፣ ከዚያ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ አብሩ። ቁጥሩ ሲወርድ ረባሹ መጨረሻ የበራው ነው ብላችሁ ያዙት። አስተላላፊ ግን ያለ አንቴና አታብሩ፣ ሊቃጠል ይችላል።