አባባ፣ ድንበር ላይ ያለች ከተማ አየሁ

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ስኳርዎ እንዴት ነው? ባለፈው በስልክ «ደህና ነኝ» ብለው ቶሎ ዘጉብኝ። እግርዎ ላይ ያለችው ቁስል መዳኗን ግን አልነገሩኝም። እባክዎ በባዶ እግርዎ ግቢ አይውጡ። ማታ ሽንት ቤት ሲሄዱም ባትሪውን ይያዙ።

እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የትንሹ ሁለት የፊት ጥርሶች ወልቀዋል። ትልቋ ፊደል ቆጥራ ጨርሳለች፤ ስምዎን ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጥፋዋለች። ቅዳሜ ለእሷ የእግር ኳስ ውድድር እዚሁ ካናዳ ውስጥ ሎይድሚንስተር የምትባል ከተማ ሄደን ነበር። ከኤድመንተን ወደ ምሥራቅ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሜዳ ብቻ ነው፤ እርሻና የነዳጅ መሳቢያ።

ከተማዋ ሁለት ክፍለ ሀገር ላይ ናት። ምዕራቡ አልበርታ፣ ምሥራቁ ሳስካችዋን። ወሰኑ አንድ ጎዳና ነው፣ በቃ። አውራ ጎዳናው ወሰኑን በሚያቋርጥበት ቦታ 30 ሜትር የሚያህሉ አራት ምሰሶዎች ቆመዋል። ልጆቹ አንድ እግራቸውን እዚህ፣ አንዱን እዚያ አድርገው «ፎቶ አንሺን» አሉኝ።

ከእንግሊዝ የመጡ ሰፋሪዎች በፈረንጆቹ 1903 ሲቆረቁሯት አንድ ነበረች። በ1905 መንግሥት ሁለቱን ክፍለ ሀገሮች ሲያቋቁም ወሰኑ መሃል ለመሃል ሰነጠቃት። 25 ዓመት በሁለት አስተዳደር ኖረች። በ1930 ተዋሐዱ። አሁን ከንቲባቸውም ምክር ቤታቸውም አንድ ነው። ሰዓት እንኳ ሁለቱም ወገን የአልበርታን ይቆጥራሉ። ሆስፒታሉ ያለው በሳስካችዋን በኩል ነው፤ የአልበርታውም ሰው እዚያው ይታከማል። ሳስካችዋን ውስጥ ዕቃ ሲገዙ 6 በመቶ የክፍለ ሀገር ታክስ አለ፣ አልበርታ ውስጥ የለም። ሰው ሁሉ መንገድ ተሻግሮ እንዳይገዛ ብለው፣ የከተማዋን የሳስካችዋን ወገን ከአብዛኛው ነፃ አደረጉት። ወሰኑ ዛሬም ካርታው ላይ አለ። ተስማምተው ይኖሩበታል።

እዚያ ቆሜ የታየኝ ግቢያችንን ከጋሼ ወገን የከፈለው የእኛ ቆርቆሮ ነው።

ሲመታ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከታች በኩል ሚስማር የበሳት ቀዳዳ ነበረች። የጋሼ ልጅ በዚያች ቀዳዳ ቆሎ ታቀብለኝ ነበር፣ አንድ አንድ ፍሬ እያደረገች። አንድ ቀን እርስዎ አዩን። አልመቱኝም፣ አልተቆጡኝም። የዘይት ጣሳ ቆርጠው፣ ሚስማሮቹን በከንፈርዎ ይዘው፣ ቀዳዳዋን ደፈኗት። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

የእማዬ ልቅሶ ላይም ጋሼ በዋናው መንገድ ዞረው መጡ። ድንኳኑ ጥግ ተቀመጡ። ሲነሱ አጠገብዎ ቆመው «እግዚአብሔር ያጽናህ» አሉዎት። ቀና አላሉም፣ አባባ። ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው ቆዩና መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያ እጅ ከዓይኔ አልጠፋም። እኔን ለማስተማር የከፈሉትን መከራ አውቃለሁ፤ ውለታዎን ከፍዬ አልጨርሰውም። ይህንን ግን ልረሳልዎት አልቻልኩም።

አሁን ልንገርዎ። ጋሼ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ወር ሆናቸው፣ ከአልጋ አልወረዱም። ሌሊት ሲያቃስቱ ሳይሰሙ አይቀሩም፤ መኝታ ቤትዎ ከቆርቆሮው ሁለት ክንድ አይርቅም። ከየት ሰማሽ ይሉኛል። ከልጃቸው ጋር በየሳምንቱ እንደዋወላለን። ስድስት ዓመት ደበቅሁዎ፤ ይቅር ይበሉኝ።

የምፈራውን በስልክ መናገር አቃተኝ፤ ለዚህ ነው የጻፍኩት። እርሳቸው እንደዚያ ሆነዋል፣ እርስዎም በስኳር ላይ እግርዎ አልድን ብሏል። በየትኛው ቀን እንደሚደወልልኝ አላውቅም። መጥቼ በአንድ ግቢ ከዚህ ወዲያ አንድ ድንኳን፣ ከዚያ ማዶ ሌላ ድንኳን ማየት አልችልም። የትኛው ውስጥ ነው የምቀመጠው?

ሽማግሌ ልላክ አልልም፤ ስንቱን መልሰዋል። ቆርቆሮውም ይቁም። አንድ ሰው የምታሳልፍ በር ብቻ ትከፈትበት። በዋናው መንገድ ልዙር ቢሉ እግርዎ አይፈቅድም።

ሰኞ ገንዘብ እልካለሁ። በቅድሚያ መድኃኒቱ ይገዛ፣ ቀጥሎ ሽፍን ጫማው። የተረፈውን ለአናጢው ይስጡልኝ።

ልጅዎ