ቅዳሜ ስለምናየው ፊልም

ውድ የኅብረታችን አባላት፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ቅዳሜ ከጸሎት በኋላ የምናየው በፈረንጆቹ 2020 የወጣውን «አይ ስቲል ቢሊቭ»ን ነው። ታሪኩ እውነተኛ ነው። አሜሪካዊው ዘማሪ ጀረሚ ካምፕ ሜሊሳን በኦክቶበር 2000 ያገባት የኦቫሪ (የሴት እንቁላል ማመንጫ) ካንሰር እንደያዛት እያወቀ ነበር። ብዙም አልቆዩ፤ በፌብሩዋሪ 2001 በ21 ዓመቷ አረፈች። መጀመሪያው ትንሽ ይንዛዛል፣ ታገሡት። እኔ የወደድኩት «የጸለየ ሁሉ ይፈወሳል» ብሎ አለማታለሉን ነው። ጸሎቱ አለ፣ ምስክርነቱ አለ፣ ሞቱም አለ፤ ባሏ ደግሞ በንዴት እግዚአብሔርን ይጠይቃል።

በቅርቡ ሐዘን ላይ የተቀመጣችሁ፣ ብትቀሩ ማንም አይታዘባችሁም። ከመጣችሁም መሀል ላይ መውጣት ይቻላል። ሲያልቅ ወዲያው ውይይት አንከፍትም፤ መጀመሪያ ሻይ እንጠጣለን። ወንበር ስለሚያንሰን የምትመጡ እስከ ሐሙስ አሳውቁን።