ጉዳዩ፦ ተያይዘው መሄድ ያልቻሉ ጥንድ ሞዴል ባለሞተር ፉርጎዎችን ይመለከታል

ለሞዴል ባቡር አምራች ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ከድርጅታችሁ የገዛኋቸው፣ በኤች ኦ ልኬት (1፡87፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ አንሰው) የተሠሩት ሁለት የበድ አር ዲ ሲ-1 የመንገደኞች ፉርጎዎች ካርቶኑ ላይ በተገለጸው መሠረት ሊሠሩ ባለመቻላቸውና በኢሜይል ላቀረብኩት አቤቱታ የተሰጠኝ መልስም ጉዳዩን የማይነካ በመሆኑ፣ ይህን ቅሬታ በዝርዝር ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

ካርቶኑ ሁለቱም ፉርጎዎች ሞተር እንዳላቸውና ተያይዘው ለመሄድ እንደተዘጋጁ ይናገራል። ይህ ለማሻሻጫ ብቻ የሚጻፍ ቃል ሊሆን አይገባም። የፊላደልፊያው በድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1949 ያስተዋወቀው እውነተኛው አር ዲ ሲ ሎኮሞቲቭ የማያስፈልገው፣ ከወለሉ ሥር በተገጠሙ ሁለት የናፍጣ ሞተሮች የሚንቀሳቀስ ፉርጎ ሲሆን፣ በሁለቱም ጫፍ የመንጃ ክፍል ስላለው መጨረሻ ጣቢያ ደርሶ መዞር ሳያስፈልገው ይመለሳል፤ መንገደኛ ሲበዛም ሁለትና ከዚያ በላይ ሆነው ተያይዘው በአንድ አሽከርካሪ ይነዳሉ። እስከ 1962 ድረስ ከተሠሩት 398 ፉርጎዎች ከማንም በላይ የገዛው ቦስተን ኤንድ ሜይን የተባለው የባቡር ኩባንያ ነው፤ በቦስተን ዙሪያ ያሉትን ሠራተኞች ጠዋት ወደ ከተማ ሲያስገባ ማታ ሲመልስ የኖረውም በእነዚሁ ነው። በየጣቢያው በዝግታ መቆምና መነሳት፣ ከመሰሉ ጋር ተያይዞ መሄድ የዚህ ፉርጎ ዋና ሥራው ነው። ሁለተኛውን ያለሞተር በርካሽ ማግኘት እየቻልኩ ባለሞተሩን ጥንድ የመረጥኩትም ለዚሁ ነው።

ሁለቱን ለየብቻ፣ በአንድ ሐዲድ ላይ፣ በአንድ ዓይነት የፍጥነት ደረጃ ስለካቸው አንደኛው አንድ ሜትር በ10 ሰከንድ ሲጨርስ ሌላው 13 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ በእውነተኛው መጠን ሲሰላ በሰዓት 31 እና 24 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለው ጠመዝማዛ ጥርስ መንኮራኩሩን ያዞራል እንጂ መንኮራኩሩ ሞተሩን መልሶ ማዞር ስለማይችል፣ ፈጣኑ ፉርጎ ዘገምተኛውን እንደ ተራ ተጎታች ሊስበው አይችልም፤ ዘገምተኛው እግሩን እንደተከለ እምቢተኛ በቅሎ እየተንሸራተተ ይጎተታል፣ ከፊት ሲሆን ደግሞ ከኋላው የሚገፋው ኩርባ ላይ ከሐዲድ ያስወጣዋል። የዲኮደሮቹን (በየፉርጎው ውስጥ ሆነው ትእዛዝ እየተቀበሉ ሞተሩን የሚቆጣጠሩትን ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች) የፍጥነት ማስተካከያ ቁጥሮች፣ ማለትም ሲ ቪ 2፣ 5 እና 6ን፣ በማስተካከል በመካከለኛ ፍጥነት ላቀራርባቸው ችያለሁ። በዝግታ ጉዞ ላይ ግን፣ ማለትም ይህ ፉርጎ ይበልጥ በሚፈለግበት ፍጥነት፣ ዘገምተኛው እየተንገጫገጨ ይቆማል።

የመንገጫገጩ ምክንያት የዘገምተኛው ፉርጎ አካል፣ ማለትም የላይኛው ሽፋኑ፣ ሲነሳ በዓይን ይታያል። በአንደኛው አክስል (ሁለቱን መንኮራኩሮች የሚያገናኘው ዘንግ) ላይ ያለው የፕላስቲክ ማርሽ በሁለት ጥርሶቹ መካከል ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ስንጥቁ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ስላሰፋው ተጓዳኙ ማርሽ እዚያ በደረሰ ቁጥር ይዘላል፤ መንኮራኩሩ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር አንድ ጊዜ የሚሰማው "ቀጭ" የሚል ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። (የድርጅታችሁ ሠራተኛ ድምፁ የናፍጣ ሞተሩ ሊሆን እንደሚችል ጽፈውልኛል፤ የሞተር ድምፁ በዚያን ጊዜ ጠፍቶ እንደነበር በላክሁት ቪዲዮ ላይ ይታያል።) ከዚህ የባሰው ደግሞ ሁለቱን ግማሽ አክስሎች አጥብቆ የሚይዘው ይኸው ማርሽ በመሆኑ፣ ሲላላ መንኮራኩሮቹ እርስ በርስ መራራቃቸው ነው። በውስጥ ጎናቸው መካከል 14.4 ሚሊሜትር ገደማ መሆን የነበረበት ርቀት በካሊፐር ሲለካ 15 ሚሊሜትር ሆኗል፤ እንዲህ የሆነ አክስል የሐዲድ መቀየሪያ ላይ ሲደርስ መውጣቱ አይቀርም።

ድርጅታችሁ ለዚህ ሁሉ በመጀመሪያ የሰጠኝ መልስ ፉርጎዎቹን ለረጅም ጊዜ በማስኬድ እንዳለማምዳቸው የሚል ነበር። የተሰነጠቀ ማርሽ በመለማመድ አይጠገንም። ቀጥሎ ኩርባዬ ጠባብ ሊሆን እንደሚችል ተገለጸልኝ፤ የእናንተው መመሪያ 46 ሴንቲሜትር ሬዲየስ ይበቃል ሲል የእኔ ኩርባ 61 ሴንቲሜትር ነው። በመጨረሻም አካሉን በማንሳቴ ዋስትናው እንደተሰረዘና ምርቱ "በዋናነት ለሰብሳቢዎች" እንደተዘጋጀ ተነገረኝ። መመሪያው ማርሾቹ በየጊዜው ዘይት እንዲቀቡ፣ ለዚህም አካሉ እንዲነሳ በሥዕል ጭምር ያዛል፤ ታዲያ መመሪያውን መከተል ዋስትና የሚያሳጣ ከሆነ ገዢው የትኛውን ይጠብቅ? ሰብሳቢነትን በተመለከተም እኔ ራሴ ሰብሳቢ ነኝ። መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ፉርጎ ግን ሞተርም ሆነ ዲኮደር አያስፈልገውም፤ ለሁለቱም ያስከፈላችሁኝ እንዲሠሩ ነው።

ስለዚህ የተሰነጠቀው ብቻ ሳይሆን በሁለቱም ፉርጎዎች ላይ ያሉት ባለማርሽ አክስሎች በሙሉ ያለ ክፍያ እንዲተኩልኝ እጠይቃለሁ፤ የተሠሩት ከአንድ ዓይነት ፕላስቲክ በመሆኑ የአንዱ ዕጣ ለሌሎቹም እንደማይቀር እሰጋለሁ። መለዋወጫው ከሌለ ጥንዱ በጥንድ እንዲለወጥልኝ፣ ያ ካልተቻለ ደግሞ ሙሉ ገንዘቤ እንዲመለስልኝ እፈልጋለሁ። ሁለቱ ፉርጎዎች ተከታታይ ቁጥር ያላቸው በመሆኑ አንዱን ብቻ በሌላ ቁጥር መተካት ጥንድነታቸውን ስለሚያፈርስ አልቀበለውም። ከዚህ በተጨማሪ ይህ የማርሽ ችግር በሌሎች ገዢዎች ላይ ደርሶ እንደሆነና እንዳልሆነ በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ አሳስባለሁ።

የተሰነጠቀውን ማርሽ የሚያሳዩ ፎቶግራፎች፣ የፍጥነት ልኬቱን ቪዲዮና የግዢ ደረሰኙን ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ፉርጎዎቹን መልሼ ለመላክ ዝግጁ ስሆን፣ የመላኪያውን ወጪ ድርጅቱ እንደሚሸፍን በማመን ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ጀምሮ በ30 ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የድርጅታችሁ ደንበኛ