ለትምህርት ሚኒስቴር፦ በሁለቱም እጇ ስለምትጠቀመው ልጄ

ለተከበራችሁ የትምህርት ሚኒስቴር ኃላፊዎች፣

ልጄ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። በግራዋ ትጽፋለች፣ በቀኟ ትበላለች። ኳስ ስትወረውር ደግሞ በተመቻት እጅ ነው። ባለፈው ወር መምህሯ አስጠርታኝ «በሁለቱም እጃቸው የሚጠቀሙ ልጆች ትኩረት እንደሌላቸው በጥናት ተረጋግጧል፤ ቢያስመረምሯት ጥሩ ነው» አለችኝ። ልጄ አጠገቤ ቆማ ትሰማለች። ግራ እጇን ቀስ ብላ ዩኒፎርሟ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቤት ሥራዋን በቀኟ ካልጻፍኩ እያለች ትታገላለች። ፊደሎቿ ሁሉ ተንጋደዋል።

ጥናቱን ፈልጌ አነበብኩት። እ.ኤ.አ. በ2010 ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት የወጣ ነው። በሰሜን ፊንላንድ 8 ሺህ ገደማ ልጆችን ተከታትሏል። በሁለቱም እጃቸው የሚጠቀሙት 87 ብቻ ነበሩ። አዎ፣ በቋንቋ፣ በትምህርትና በትኩረት የመቸገር ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ግን አብዛኞቹ እነዚህ ችግሮች እንዳልነበሩባቸው ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አስረግጠው ተናግረዋል። መምህሯ ጋ የደረሰው የጥናቱ ግማሽ ነው።

ደግሞ የእኛን ቤት አስቡት። ልጄ በቀኟ መብላት የጀመረችው ወዳ አይደለም። በግራዋ እንጀራ ስትቆርስ አያቷ «በግራ አይበላም!» እያሉ እጇን መታ መታ አድርገው ነው ያስለመዷት። እኔም ዝም ብዬ አይቻለሁ፤ አሁን ይቆጨኛል። በአገራችን ስንቱ ግራኝ ልጅ ገበታ ላይ ወደ ቀኝ ተመልሷል? እኛው ያስለመድነውን እንደ በሽታ ምልክት መቁጠር አግባብ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1991 አሜሪካ ውስጥ «ግራኞች 9 ዓመት ቀድመው ይሞታሉ» የሚል ጥናት ብዙ ሰው አስደንግጦ ነበር። ሌሎች ተመራማሪዎች ግን ስህተቱን አሳዩ። ከአዛውንቶቹ መካከል ግራኝ ያነሰው በልጅነታቸው ተገደው ቀኝ ስለተደረጉ ነበር እንጂ ግራኞች ቀድመው ስለሞቱ አልነበረም።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። በመምህራን መመሪያ ላይ፣ ልጅ የሚጠቀምበት እጅ ብቻውን የችግር ምልክት እንዳልሆነ ይጻፍ። የሚጽፍበትን እጅ ማስቀየርም ይከልከል። ልጄ ሦስት ሆነው በሚቀመጡበት ዴስክ መሃል ላይ ናት። ክርኗ ከጎኗ ካለችው ልጅ ክርን ጋር ስለሚጋጭ «አትግፊ» እየተባለች ትወቀሳለች። በግራ ጫፍ ብትቀመጥ ይበቃታል። ይህም በመመሪያው ይግባ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ እናት