አጃ አልበላም ላልከው ወንድሜ

ለተወደድከው ወንድሜና የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ይህን የምጠይቅህ ለደብዳቤ ወግ ያህል ብቻ አይደለም፤ መልሱንም ቀድሜ ሰምቻለሁ። ባለቤትህ ባለፈው እሑድ ለባለቤቴ ደውላ፣ በደም ምርመራህ ኮሌስትሮልህ ከልክ በላይ ከፍ ብሎ መገኘቱን፣ ሐኪሙ ቅቤና ጮማ ቀንሰህ ጠዋት ጠዋት አጃ እንድትመገብ መምከሩን፣ አንተም «እኔ በቅሎ ነኝ ወይስ አራስ?» ብለህ ሳህኑን መመለስህን አንድ በአንድ አጫውታታለች። ይህን ያህል ዘመን ሳልጽፍልህ በመክረሜ ይቅርታ እንድታደርግልኝ እለምንሃለሁ። ሰበብ መደርደር አያቅተኝም ነበር፤ ነገር ግን ሰበቦቼን ሁሉ ከእኔ አስበልጠህ ስለምታውቃቸው ወረቀቱን ለተነሣሁበት ጉዳይ ልቆጥበው። ጉዳዩም አጃ ነው።

አሁን የምነግርህን በትምህርት ቤቱ ላሉት ለድሮ ጓደኞቻችን እንዳታወራብኝ አደራ እልሃለሁ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል «አራሱ መምህር» ብለህ ስም ያወጣህልኝ እኔ፣ ዛሬ በየማለዳው አጃ ሳልቀምስ ከቤቴ አልወጣም፤ ይህንንም የማደርገው ተገድጄ ሳይሆን ወድጄው ነው። ታይፎይድ ጥሎኝ በግቢያችሁ ባለችው የኪራይ ክፍል በተኛሁ ጊዜ እናትህ በትልቁ ኩባያ እየሞሉ ያመጡልኝ የነበረውን የአጃ አጥሚት፣ አንተም በር ላይ ቆመህ ትስቅ የነበረውን ሳቅ መቼም አትረሳውም። ያ አጥሚት ከትኩሳቱና ከላቡ ጋር ተቀላቅሎ በውስጤ ስለቀረ፣ ከዚያ ወዲህ የአጃ ሽታ ባወደኝ ቁጥር ጉልበቴ ይከዳኝ ነበር። አጃ የአራስና የበሽተኛ ነው፤ ጤነኛ ወንድ በማለዳ ተነሥቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ያንን ሊበላ መቀመጡ የሚያሳፍር ነገር ነው ብዬ አምን ነበር። ስለዚህ አንተ ሳህኑን የመለስክበትን ስሜት ከእኔ የበለጠ የሚረዳልህ ሰው አታገኝም።

እዚህ ሚኒሶታ ከመጣሁ ወዲህ ከያዝኳቸው ሥራዎች ሁሉ ረዥም ጊዜ የቆየሁበት በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ውስጥ የምሠራው ነው። ሥራው የሚጀምረው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲሆን፣ ካፖርቴን አውልቄ በመጀመሪያ የምጥደው ድስት የአጃው ድስት ነው። በእንግድነት አገር የተሰጠኝ የመጀመሪያ ኃላፊነት ያንኑ የጠላሁትን ነገር በየማለዳው ለሰው ማገንፋት መሆኑን ሳስብ አንተ ብታየኝ ምን ትል እንደነበር እየገመትኩ ብቻዬን እስቅ ነበር። ቡናማ ስኳርና ዘቢብ እየነሰነስኩ ለሽማግሌዎቹ ሳቀርብ፣ ለዓመታት አንድም ቀን ጣቴን ልሼ አላውቅም፤ ቤቴ ስገባ የሚጠብቀኝ በቅቤ የራሰ የቋንጣ ፍርፍር ነበራ። በኋላ የእኔም ሐኪም ያንተው ሐኪም የተናገረውን ቃል በእንግሊዝኛ ነገረኝ። ልዩነታችን እኔ ስለ በቅሎና ስለ አራስ ለመቀለድ የሚበቃ እንግሊዝኛ ስላልነበረኝ ዝም ብዬ መውጣቴ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የገዛሁት በትንንሽ ከረጢት ታሽጎ የሚሸጠውን፣ የፈላ ውኃ ሲፈስበት በአንድ ደቂቃ የሚደርሰውን ዓይነት ነበር። ወንድሜ ሆይ፣ እርሱን ከሆነ ያቀረቡልህ መመለስህ ትክክል ነው። የፖምና የቀረፋ ሽታ ይሸታል፣ ከአጃው ይልቅ ስኳሩ ይጎላል፣ በአፍ ውስጥም እየተዝለገለገ ለማኘክ እንኳ እምቢ ይላል። ቁርሴን እንደ ቅጣት እየዋጥኩ ሥራ የገባሁባቸው ጠዋቶች ብዙ ናቸው፤ በዚያው ቢቀጥል ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ እንድታዝንልኝ እንጂ እንድትበላ ለመምከር አይሆንም ነበር።

ነገሩን የለወጡት አያቶቻቸው ከስኮትላንድ የመጡ አንዲት ባልቴት ናቸው። ከአረጋውያኑ ሁሉ እርሳቸው ብቻ ስኳሩን እየመለሱ ጨው ይጠይቁኝ ነበር፤ እኔም የዕድሜ ነገር ነው ብዬ በልቤ እታዘባቸው ነበር። አንድ ቀን ጠጋ ብዬ ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ አጃን ማጣፈጥ የልጅ ነገር መሆኑን በቁጣ አስረዱኝ። በስኮትላንድ ካርብሪጅ በምትባል መንደር ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ የአጃ ገንፎ አሠራር የዓለም ውድድር ይካሄዳል፤ በዋናው ውድድር የሚፈቀደውም አጃ፣ ውኃና ጨው ብቻ ነው፤ አሸናፊው የሚሸለመው ደግሞ የወርቅ ማማሰያ ነው። እናቶቻችን ማማሰያ ይዘው የቆሙትን ዓመታት ሳስብ ሽልማቱ ወደ እኛ ሳይደርስ መቅረቱ ገረመኝ። የሆነ ሆኖ በዚያው ቀን ከድስቱ ግርጌ የቀረውን ጨው ነስንሼ ቀመስኩት። ጣፈጠኝ ብልህ እዋሻለሁ፤ ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የእህል ጣዕም አገኘሁበት፣ ስጠላው የኖርኩትም እህሉን ሳይሆን ስኳሩንና ትኩሳቱን መሆኑን ጠረጠርኩ።

ከዚያ ወዲህ አጃ እንደምን እንደሚዘጋጅ በመምህር ዓይን መመርመር ያዝኩ። በመደብሩ መደርደሪያ ላይ የተደረደረው ሁሉ አንድ እህል ሆኖ ሳለ አንዱ ከሌላው እጅግ ይለያል፤ አንዱ በእንፋሎት ተቀቅሎ በብረት መዳመጫ የተዳመጠ ነው፣ አንዱ ይበልጥ ቀጥኖና ቀድሞ በስሎ የተሰናዳ ነው፣ ሌላው ግን ምንም ሳይዳመጥ ፍሬው በስለት ሁለትና ሦስት ቦታ ብቻ የተቆረጠ ነው። ይህን የመጨረሻውን ገዝቼ መዳፌ ላይ ባፈሰስኩት ጊዜ ያየሁት የእናትህን ቅንጬ ነው። የሚበስለው ቀስ ብሎ ነው፣ ሲበላ ይታኘካል፣ በሆድ ይቆያል፣ የደም ስኳርንም እንደዚያኛው ፈጣን ዓይነት በአንድ ጊዜ አያስፈነጥርም። ስለዚህ የአሜሪካኖቹን አሠራር ትቼ እኛ ቅንጬ እንደምንሠራው መሥራት ጀመርኩ። በመጀመሪያ በደረቅ መጥበሻ ላይ ሽታው እስኪያውድ ድረስ አምሰዋለሁ፤ ይህች ማመስ የምትባል ነገር ምሥጢሩ ሁሉ ያለባት ናት፣ ዝልግልግነቱንም የምትቀንሰው እርሷ ናት። ከዚያም አንድ እጅ አጃ በሦስት እጅ የፈላ ውኃ ላይ ጨምሬ፣ ጨው አድርጌበት፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል በቀስታ እሳት እተወዋለሁ። ካወጣሁት በኋላ የተፈጨ ተልባ፣ ጥቂት ጥቁር አዝሙድና በጣት ጫፍ የምትያዝ ሚጥሚጣ እነሰንስበታለሁ።

የቅቤውን ጉዳይ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ፤ እኔም ይህን ክፍል መጻፍ እያፈርኩ ነው ያዘገየሁት። ቅንጬ ያለ ቅቤ ቅንጬ ነው ብሎ የሚከራከር የደጋ ሰው የለም። መጀመሪያ ከአገር ቤት ከመጣልኝ የተነጠረ ቅቤ በማንኪያ ሙሉ ጨምሬበት እንባ እስኪቀርበኝ ድረስ ደስ ብሎኝ በላሁ፤ ባለቤቴም ኮሌስትሮል ለማውረድ የተሠራውን ምግብ በኮሌስትሮል ማራስ የት የተማርኩት ሕክምና እንደሆነ ጠየቀችኝ። ብዙ ተከራከርን፣ እንደተለመደውም ተሸነፍኩ። አሁን በዘይት ውስጥ ኮሰረት፣ በሶብላና የተወቀጠ ኮረሪማ አድርጋ በቀስታ እሳት ካሞቀችው በኋላ አጥልላ በጠርሙስ ታስቀምጥልኛለች፤ ለጾምም ለፍስክም እርሱን ነው የምጠቀመው። ቅቤን ይተካል ብልህ ታውቅብኛለህ፤ አይተካም፤ ሽታው ግን ሰውን ለማባበል ይበቃል። በትልልቅ በዓላት አንዲት የሻይ ማንኪያ ቅቤ ተፈቅዶልኛል፣ ይህንንም ለሐኪሜ አልነገርኩትም። ደግሞ ልብ በል፤ ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴንም በሥርዓት የሚጾም ሰው ሐኪሙ ከሚያዘው ገሚሱን ድሮም ሲያደርገው ኖሯል፤ ችግሩ እኔና አንተ በፋሲካ ማግስት የምናካክሰው ነው።

ለቀባሪው አረዱት እንዳትለኝ እንጂ፣ በአጃ ውስጥ ያለውን ነገር ለሥነ ሕይወት መምህር ማስረዳት ባያስፈልገኝም ላስታውስህ። ቤታ ግሉካን የሚባለው በውኃ የሚሟሟ ፋይበር አንጀት ውስጥ ሲገባ እየወፈረ ሐሞቱን ይይዘውና ከሰውነት ይዞት ይወጣል፤ ጉበትም የጎደለውን ሐሞት ለመተካት ከደም ውስጥ ኮሌስትሮል ለመሳብ ይገደዳል፤ መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል የሚቀንሰው በዚህ መንገድ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1997 እ.ኤ.አ. አምራቾች አጃ ለልብ ጤና ያለውን ጥቅም በማሸጊያው ላይ እንዲጽፉ ሲፈቅድ፣ መስፈርቱ በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ማግኘት ነበር። 40 ግራም ደረቅ አጃ ወደ 2 ግራም ገደማ ይሰጣል፤ ሦስቱን ለመሙላት እንግዲህ 60 ግራም ያህል፣ ለእንዳንተ ዓይነቱ ወንድ ጥሩ ሳህን ሙሉ ማለት ነው። ከዓመታት በኋላ ተመሳሳዩ ፈቃድ ለገብስም ስለተሰጠ፣ አጃው ሲሰለችህ በገብስ ቅንጬ ብትለዋውጠው ከመንገዱ አልወጣህም። ይህን ሁሉ ስል መድኃኒት ካዘዘልህ ጣለው ማለቴ አይደለም፤ አጃ የሚያወርደው ጥቂት ነው፣ ክኒኑን የሚያክል ኃይል የለውም።

ደግሞስ ይህን እህል ለመናቅ ከሰው ሁሉ መብት የሌለህ አንተ ነህ! በጥቁር ሰሌዳው ላይ «አቬና አቢሲኒካ» ብለህ በትልቁ ጽፈህ፣ ይህ አጃ የራሳችን መሆኑን፣ ከገብሱ መካከል አብሮ ሲበቅል ገበሬው ነቅሎ እንደማይጥለውና ከገብሱ ጋር አጭዶ እንደሚወቃው ለልጆቹ ስታስተምር በመስኮት በኩል ድምፅህ እኔ ክፍል ድረስ ይሰማ ነበር። ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. የአገራችንን እህል ፍለጋ መምጣቱን፣ ከአጃዎቹ አንዱም በእርሱ ስም መጠራቱን እያነሣህ ሒሳብ ማስተማሪያ ጊዜዬን ትሻማብኝ ነበር። ልጆቹን ያኮራህበትን እህል አሁን ሳህን ላይ ስታየው የበቅሎ ነው ማለትህ ከምን የመጣ ነው? ላሞች ይበሉታል ካልከኝም እውነት ነው፤ በአካባቢያችሁ ለወተት ላም የሚዘራው ብዙ ነው። ነገር ግን በሰላሌ ደጋ እንጀራም ገንፎም ሆኖ የሰው ገበታ ላይ እንደሚቀርብ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ።

ከውጭ አገር በቆርቆሮ ታሽጎ የሚመጣውን በውድ ዋጋ እንዳትገዛ እለምንሃለሁ። የቅዳሜ ገበያ አጃ ይበቃል፤ ፍሬውን አጥብቆ የያዘው ገለባ ጉሮሮ ስለሚቧጥጥ ግን ለስለስ አድርጎ ማመስ፣ በሙቀጫ መሸክሸክና ደጋግሞ ማበጠር ያስፈልጋል። ወፍጮ ቤቱም ዱቄት እንዳያደርገው፣ ሸርከት ብቻ አድርጎ እንዲመልሰው አስጠንቅቅ። ባለቤትህ ይህን ሁሉ አሳምራ ታውቀዋለች፤ ምክሬ ለእርሷ ሳይሆን ሙቀጫውን ተቀብለህ እንድትሸከሽክ ለአንተ ነው።

እናትህ ቢኖሩ ኖሮ ይህን ደብዳቤ መጻፍ ባላስፈለገኝ ነበር፤ በአንድ ቁጣ ያስበሉህ ነበር። ዜናቸውን በሰማሁ ጊዜ ስልኩን አንሥቼ ቁጥርህን ከጀመርኩ በኋላ ምን እንደምልህ ጠፍቶኝ ... ይህንን በደብዳቤ መጨረስ አልችልምና ይቅር፤ በአካል ስንገናኝ እንነጋገራለን። ነፍሳቸውን ይማር። ተልባ በቅንጬ ላይ መነስነስን የተማርኩት ከእርሳቸው መሆኑን ግን ልነግርህ እፈልጋለሁ፤ ባለቤቴ የራሴ ፈጠራ ይመስላታል።

ለባለቤትህና ለልጆችህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ለእኛ በመደወሏም እንዳትቆጣት። ሐኪምህ ምርመራውን መቼ እንደሚደግምልህ ጻፍልኝ። የእኔ ተደግሞ ውጤቱ ወጥቷል፣ ቁጥሩ በወረቀት ተጽፎ ከማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል፤ ምን ያህል እንደወረደ ግን አንተ አጃህን በልተህ ያንተን ቁጥር እስክትልክልኝ ድረስ አልነግርህም።

ወንድምህ፣ ከሚኒሶታ