ሚጣዬ፣ ለጥር አልደርስልሽም

ሚጣዬ የኔ እናት፣ እንዴት ነሽ፣ እማዬስ፣ ወንድም ጋሼስ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ማክሰኞ የላኩት 300 ዶላር ደርሷችሁ ከሆነ ቴክስት አርጊልኝ። ለሰርግሽ ቃል የገባሁት 800 እንደነበር አልረሳሁም፣ ቀሪውን ለገና እልካለሁ፣ የድንኳኑን ቀብድ ግን ከዚሁ ክፈሉ፣ አትጠብቁኝ።

የላክሽውን ቮይስ ሰባት ስምንት ጊዜ ሰማሁት። «ሁለት ወር ሙሉ ስልክ የማይነሳው ሀገር ሲለመድ ነው አይደል» ያልሽው ላይ ስደርስ ሁሌ አቆመዋለሁ። ሚጣዬ እኔ ማንንም አልረሳሁም። ከጠባሴ ይዤው የመጣሁት የአባዬ ብርድ ልብስ፣ ያ ከፋብሪካው ያመጣው ቡኒው፣ እስከዛሬ የምተኛው በሱ ነው፣ እዚህ ቤት ውስጥ ሂተር አለ ምንም አይበርድም፣ ግን ያለሱ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ከዚህ በታች ያለውን ለእማዬ እንዳታነቢላት። በልብሽ አንብቢውና ስለ በጉ ልብ እስከምጽፈው ድረስ ዝለይው።

ባለፈው ሴሚስተር አናቶሚ ኤንድ ፊዚዮሎጂ ሁለትን፣ የሰውነትን አሠራር የምንማርበትን ኮርስ፣ ሲ አመጣሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ሲ ማለፊያ አይደል ወይ ትይኛለሽ፣ ለሌላው ትምህርት አዎ ማለፊያ ነው፣ ለነርሲንግ ግን አመልካቹ ብዙ ወንበሩ ትንሽ ስለሆነ የሚወዳደሩት በውጤት ነው፣ በተለይ የሳይንሶቹን ነው የሚያዩት፣ እና እኔ በሲ ባመለክት ለይምሰል ማመልከት ነው። ስለዚህ ከፍዬ ደግሜ እየወሰድኩት ነው። አራት ክሬዲት ነው፣ ላብራቶሪ አለው፣ ገንዘቡም ከዚያ ነው የጎደለው፣ ያንቺ ሰርግ ገንዘብ ማለቴ ነው፣ በቃ ነገርኩሽ። ሌሊት ከ5 ሰዓት እስከ ጠዋት 1 ሰዓት ነርሲንግ ሆም እሠራለሁ፣ አሮጊቶቹን አገላብጣለሁ አጥባለሁ አለብሳለሁ፣ ከዚያ ባስ ይዤ ቀጥታ ክላስ። ወገቤን ትንሽ ያመኛል። ስልክ የማላነሳው የእማዬን ድምፅ ከሰማሁ ስለማለቅስና ስለምታውቅብኝ ነው፣ እሷ ደግሞ «ድምፅሽ ምን ሆነ» ካለች በቃ ሳምንት አትተኛም።

ወንድም ጋሼ እማዬ ለማኅበሯ ሰዎች ልጄ ነርስ ሆነች ብላ እንደተናገረች ነገረኝ። ያሳፈረኝን ልነግርሽ አልችልም። እሷን አልቆጣም፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ነርሲንግ እየተማርኩ ነው ስላልኳችሁ ነው፣ ግን እኔ ገና በሩ ላይ ነኝ። እዚህ አሜሪካ ነርሲንግ ዝም ብሎ አይገባም፣ መጀመሪያ ፕሪሪኩዊዚት የሚሏቸውን ኮርሶች ትጨርሻለሽ፣ እንግሊዝኛ፣ ሳይኮሎጂ፣ ስታቲስቲክስ፣ አናቶሚ አንድና ሁለት፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ከዚያ ነው ለፕሮግራሙ የምታመለክቺው፣ ያኔም ሊቀበሉሽም ላይቀበሉሽም ይችላሉ። የአካውንቲንግ ዲግሪዬን አስገምግሜ የተወሰነ ነገር ያዙልኝ፣ ሳይንስ ግን የለበትማ፣ ስለዚህ ከዜሮ። አክስቴ «አራት ዓመት ሙሉ ምኑን ነው የምትማረው» አለች አሉ። በአንዴ አንድ ወይ ሁለት ኮርስ ነው የምወስደው፣ ከዚያ በላይ ከወሰድኩ ሥራው ይቀራል፣ ሥራው ከቀረ የሚላክ የለም። ይሄን ንገሪያት። ወይም ተይው አትንገሪያት።

ሰርጉን በተመለከተ። ጥር 17 ያላችሁኝ ቀን በዚህ አቆጣጠር ጃንዋሪ 25 ነው። የመግቢያ ፈተናው፣ ቲስ የሚሉት፣ ጥር 14 ተይዞልኛል፣ ንባብ ሒሳብ ሳይንስ እንግሊዝኛ፣ 170 ጥያቄ በ209 ደቂቃ። ማመልከቻው የሚዘጋው በጃንዋሪ 31 ነው፣ ማይክሮባዮሎጂ ደግሞ ያንቺ ሰርግ ማግስት ሰኞ ይጀምራል። ሶስት ቀን እንኳን ልምጣ ብዬ ካላንደሩ ላይ ስንቴ እንደቆጠርኩ። አልሆነም ሚጣዬ። አንድ እህቴ ስትዳር እጇን ይዤ ከቤት አላስወጣሁም፣ ይሄን እድሜ ልኬን የምሸከመው ነው እንጂ በ800 ዶላር የሚካስ አይደለም።

አሁን ከዚህ ጀምረሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላት።

እማዬ፣ ባለፈው ወር ላብራቶሪ ውስጥ የበግ ልብ ከፈትን። አስተማሪያችን ለሁለት ሁለት ሰው አንድ አንድ ልብ በትሪ ሰጠችን፣ መድኃኒቱ ይሸታል፣ አጠገቤ ያለችው ልጅ መንካት ፈራች። እኔ ግን ለፋሲካ አንቺ በግ ስትበልቺ ሳህን ይዤ አጠገብሽ የቆምኩት ልጅ ነኝ፣ ምን ያስፈራኛል፣ ቢላዋውን ተቀብዬ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቅኩት። ውስጡ አራት ክፍል ነው። የቀኙ የታችኛው ክፍል ግድግዳው ስስ ነው፣ ደሙን የሚገፋው እዚያው አጠገቡ ወዳለው ሳንባ ስለሆነ። የግራው ግን አውራ ጣቴን ያህል ወፍራም፣ ምክንያቱም እሱ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ነው የሚገፋው። አስተማሪዋ ቀጥላ የደም ግፊት ያለበት ሰው ልብ ደግሞ ሁልጊዜ ስለሚታገል ግድግዳው በላይ በላዩ እየወፈረ ይሄዳል፣ ቆይቶ ይደክማል አለች። እማዬ ያቺን ልብ በእጄ እንደያዝኩ አንቺን አሰብኩ። አባዬ ካረፈ ጀምሮ ብቻሽን የገፋሽውን። መነጽሩ በእንባ ጭጋግ ሆኖብኝ ልጅቷ «ደህና ነሽ» አለችኝ፣ ሽታው ነው አልኳት።

ስለዚህ እባክሽ በአባዬ አፅም፣ የግፊት መድኃኒትሽን፣ አምሎዲፒኑን፣ አታቋርጪ። «ስላላመመኝ ተውኩት» አልሽ አሉ። ግፊት እኮ አያምም፣ ክፋቱ እሱ ነው። ቁርጭምጭሚቴ ያብጣል ያልሽው ከመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል፣ ለሐኪሙ ንገሪውና ይቀይርልሽ ወይ ይቀንስልሽ፣ በራስሽ ግን አትተዪው፣ ለጎረቤትም አታካፍዪ። ጨው ደግሞ በርበሬው ሲዘጋጅ ገብቶበታል፣ ወጡ ላይ ደግመሽ አትጨምሪ።

ሚጣዬ፣ ከቤተክርስቲያናችን አንድ ሴትዮ ለገና አዲስ አበባ ትገባለች፣ የግፊት መለኪያ ማሽን ሰጥቻታለሁ፣ ባትሪውም አብሮ አለ፣ ወንድም ጋሼ ሄዶ ይቀበላት። አለካኩን ልብ በይ። ቡና ጠጥታ ወዲያው እንዳትለኪያት፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይለፍ። ጀርባዋን ደገፍ አርጋ፣ እግሯን መሬት አስነክታ፣ አምስት ደቂቃ ሳታወራ ትቀመጥ (ይሄኛው እንደሚከብዳት አውቃለሁ)፣ ክንዷ ጠረጴዛ ላይ በልቧ ልክ ይሁን። ያን ቀን ጤና ጣቢያ 170 በ100 የተባለችው ዳገቱን በእግሯ ወጥታ ወዲያው ስለተለካችም ይሆናል፣ ይሁን እንጂ ችላ አትበይው።

የመልሱን ልብስ ፎቶ አይቼዋለሁ፣ ጥበቡ በጣም ያምራል፣ ወገቡ ላይ ትንሽ ይጥበብ ብለሽ ለሰፊው ንገሪው። ጸጉርሽን ሹሩባ ተሠሪ እባክሽ፣ እማዬ ትንሽ ሆነን ትሠራን የነበረውን ዓይነት።

የሰርግሽን ሌሊት ሺፍቴን ለጓደኛዬ ቀይሬዋለሁ። እናንተ ጋ እኩለ ቀን ሲሆን እኔ ጋ ሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፣ ነጠላዬን ለብሼ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፣ ከቤት ስትወጪ ጉልበት የምትስሚው ጊዜ ላይ ቪዲዮ ይደወልልኝ። ስልኩን የሚይዘው ልጅ የእማዬን ፊት እንዲያሳየኝ ንገሪው፣ አንቺንማ በፎቶ አይሻለሁ።

ልገባ ነው፣ 5 ሰዓት ሊሆን ነው። የማሽኑን ቁጥር ጠዋትና ማታ ደብተር ላይ ጻፊና እሁድ እሁድ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ከተዳርሽ በኋላ ደግሞ ደብተሩን ለወንድም ጋሼ አስረክቢው።

እህትሽ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኅዳር 28